ተሕሪፍና የገልባጭ ስህተት አንድ አይደሉም

ጽሕፈት_ቤቱ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:15)

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ክርስቲያን ወገኖቼም እንደምን አመሻችሁ።

ጅማ መርካቶ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ልጅ አራት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣና «200 ኮፒ አንሣልኝ» አለኝ። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ መበረዝ፣ እኛ ተሕሪፍ ስለምንለው፣ የተጻፈ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ቁርኣን በጉዳዩ ላይ ያለውን አምናለሁ። ማሽኑ ላይ ከማስቀመጤ በፊት ማንበብ ግን ልማዴ ነውና አነበብኩት፤ እያነበብኩም አዘንኩ። የመጀመሪያው ገጽ ግማሹ ስለ ኒቅያ ጉባኤ ነው። ጳጳሳቱ በ325 ተሰብስበው በድምፅ ብልጫ አራት ወንጌሎችን መረጡ፣ የቀሩትን አቃጠሉ ይላል። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ የበርናባስ ወንጌል የሚባለው እውነተኛው ኢንጂል (ወንጌል) ነው ይላል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ልክ ባልሆነ ወሬ 200 ሰው ስለ ሃይማኖቴ እንዲከራከርልኝ አልፈልግም።

የኒቅያ ጉባኤ የተጠራው ወልድ ፍጡር ነው ባለው በአርዮስ ምክንያት ነው፤ የፋሲካም ቀን ተነሥቶበታል። ጉባኤው 20 ቀኖናዎች አውጥቷል፤ የትኞቹ መጻሕፍት ቅዱሳን እንደ ሆኑ የሚወስን ግን አንድም የለባቸውም። የዛሬዎቹ 27ቱ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨመርባቸው ሳይቀነስባቸው ተዘርዝረው የምናገኛቸው የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 በጻፈው የፋሲካ መልእክት ላይ ነው። ጉባኤው ካለፈ 42 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። አራቱን ወንጌሎች ደግሞ ኢሬኔዎስ የተባለው ጳጳስ በ180 ገደማ፣ ከኒቅያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ከአራት አይበልጡም ከአራት አያንሱም ብሎ ጽፎላቸዋል።

የበርናባስ ወንጌል የሚባለውን ተዉት። ዋናው ቅጂ በጣልያንኛ የተጻፈና ቪየና የሚገኝ ነው። ኢዮቤልዩ በየመቶ ዓመቱ ይከበራል ይላል፤ በኦሪት ግን በየ50 ዓመቱ ነው። መቶ ዓመት ያደረገው የሮሙ ጳጳስ ቦኒፋስ 8ኛ በ1300 ነው። ናዝሬትን በመርከብ የሚደረስባት ከተማ ያደርጋታል፤ ናዝሬት ኮረብታ ላይ ናት። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ዒሳ «መሲሕ እኔ አይደለሁም» እንዳለ መጻፉ ነው። ቁርኣን በኣሊ ዒምራን 45 «አል-መሲሕ ዒሳ ኢብኑ መርየም» ይላል። ቁርኣንን የሚያስተባብል መጽሐፍ እንዴት ለቁርኣን ምስክር እናደርጋለን?

ልጁን አስቀምጬ ቡና አዘዝኩለትና በራሴ የደረሰውን ነገርኩት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የቤት ኪራይ ውል በእጅ ተጽፎ መጣልኝ። ሁለት ተከታታይ መስመሮች «ተከራይ» በሚል ቃል ያልቁ ነበር። የመጀመሪያውን «ተከራይ» ተይቤ ወደ ወረቀቱ ስመለስ ዓይኔ ሁለተኛው «ተከራይ» ላይ አረፈ። ቅድመ ክፍያው የስድስት ወር መሆኑን የሚናገረው መስመር መሐል ላይ ቀረ። ተዋዋዮቹም አላዩትም፣ ፈረሙ። በአራተኛው ወር ተጣልተው ከነሽማግሌዎቻቸው ሱቄ ድረስ መጡ። የእጅ ጽሑፉ ባይገኝ ኖሮ አከራይዋ ውሸታም ተብላ ትቀር ነበር። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ሃፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውሉን ግን አልበረዝኩትም፤ ዓይኔ ነው የዘለለው።

በጥንት ገልባጮችም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። 2ኛ ነገሥት 8፥26 አካዝያስ ሲነግሥ 22 ዓመቱ ነበር ይላል፤ 2ኛ ዜና መዋዕል 22፥2 ደግሞ 42 ይላል። አባቱ ኢዮራም በ32 ዓመቱ ነግሦ፣ 8 ዓመት ገዝቶ፣ በ40 ዓመቱ ሞተ። 42ቱን ከያዝን ልጁ አባቱን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ይህን እኛ ሙስሊሞች ሁልጊዜ እንጠቅሳለን፣ መጥቀሳችንም ልክ ነው። ግን የአካዝያስን ዕድሜ ሆን ብሎ የሚቀይር ሰው ምን ያተርፋል? ይህ የደከመ እጅ ነው።

1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ግን ሌላ ነው። «በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት ናቸው፤ አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ» የሚለው በጥንቶቹ የግሪክ ቅጂዎች የለም፤ በላቲን በኩል ነው የገባው። ኤራስመስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ1516 እና በ1519 ባሳተመው የግሪክ ጽሑፍ አላካተተውም ነበር፤ ወቀሳው ሲበዛበት በ1522 አስገባው። እዚህ ላይ የሚያከራክር ትምህርት ያለበት ቃል ተጨምሯል። ይህንና የአካዝያስን ዕድሜ በአንድ ከረጢት ከከተትናቸው ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ።

የእኛም ዑለማእ (ሊቃውንት) ቢሆኑ በዚህ ነገር በአንድ ቃል አልተናገሩም። ኢብኑል ቀይዪም ሦስት አቋሞችን ያስቀምጣሉ፦ አብዛኛው ቃል ተለውጧል የሚሉ፣ የተለወጠው ትርጓሜው ነው የሚሉ፣ ከቃሉም ጥቂቱ ተነክቷል የሚሉ። መጨረሻውን መምህራቸው ኢብኑ ተይሚያ መርጠውታል። የቡኻሪን ሰሒሕ፣ የታወቀውን የሐዲስ መድብል፣ ብትከፍቱ የነቢዩ የአጎት ልጅ ኢብኑ ዐባስ የመጽሐፉ ሰዎች በእጃቸው ጽፈው ለወጡ ማለታቸውን ታገኛላችሁ። እዚያው ኪታብ ውስጥ ደግሞ ከአላህ መጻሕፍት የአንዱን ቃል ማንም አያስወግድም፣ ያለ ትርጓሜው ግን ይተረጉሙታል የሚል ታገኛላችሁ።

ወረቀቱ ላይ ያልነበረው፣ እኔ ግን ዋናው ነው የምለው ጥያቄ የሰነድ ጥያቄ ነው። እኛ በአማርኛ ሰነድ የምንለው ማኅተም የተመታበትን፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ስተይበው የምውለውን ወረቀት ነው። በሐዲስ ዒልም (ዕውቀት) ሰነድ ማለት ወረቀቱ ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው፤ ማን ከማን ሰማ፣ ሲሰማ ስንት ዓመቱ ነበር፣ የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነበር። ቁርኣን አላህ ለዒሳ ኢንጂልን ሰጠው ይላል። በእጃችን ያሉት አራቱ ወንጌሎች ግን ሌሎች ሰዎች ስለ ዒሳ የጻፏቸው ናቸው፤ እርሱ በአራማይክ ሲያስተምር እነርሱ በግሪክኛ ጻፉ። ሉቃስ መግቢያው ላይ ብዙዎች ታሪኩን ለመጻፍ እንደ ሞከሩና እርሱም ተከታትሎ በተራ እንደ ጻፈ በግልጽ ይናገራል። ከማን ምን እንደ ሰማ ግን በስም አይጠራም። የሙስሊም ጥያቄ ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ልጁ ወረቀቱን ይዞ ሄደ፤ «አስተካክዬ እመለሳለሁ» ብሏል። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

---

ቆጪ_ሰፈር (ማክሰኞ፣ ማታ 4:02)

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ ወንድሜ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የበርናባሱን ተቀብያለሁ፤ እኔም ተጠቅሜበት ስለማውቅ አላህ ይማረኝ። የቀረው ላይ ግን እጅህ ላልቷል።

አላህ በአል-በቀራህ 79 መጽሐፉን በእጆቻቸው ለሚጽፉና ከዚያም ጥቂት ዋጋ ሊያገኙበት «ይህ ከአላህ ዘንድ ነው» ለሚሉ ወየውላቸው ይላል። ይህ ዓይን መዝለል ነው? ዋጋ ሊያገኝበት የጻፈ ሰው እያወቀ ነው የጻፈው። የኮርዶባው ኢብኑ ሐዝም፣ በ1064 የሞቱት፣ ተውራትን (ኦሪትን) ምዕራፍ በምዕራፍ ፈትሸው እርስ በርሱ የሚጋጨውን ሲያወጡ «ጸሐፊው ደክሞት ነው» አላሉም። የዘዳግም 34ኛ ምዕራፍ ሙሳ ሞቶ መቀበሩን፣ መቃብሩንም እስከ ዛሬ የሚያውቅ እንደ ሌለ ይተርካል። «እስከ ዛሬ» የሚለው ሰው ማን ነው? ሙሳ አይደለም። ኤርምያስ 8፥8ም የጸሐፊዎች ሐሰተኛ ብርዕ ይላል። የራሳቸው ነቢይ ነው የተናገረው።

አንተ የጽሕፈት ሰው ስለሆንክ ለገልባጩ አዘንክለት። እኔ የማዝነው የተጣመመ ነገር ተቀብሎ ለሚያምነው ነው።

አንድ ልጨምር። በ1854 ሕንድ አገር አግራ ላይ ራሕመቱላህ አል-ከይራነዊ ፋንደር ከሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ጋር በአደባባይ ሲከራከሩ፣ አብሯቸው የነበረው ሐኪም ወዚር ኻን ከእንግሊዝ አገር ያመጣቸውን የአውሮፓ ሊቃውንት መጻሕፍት ይዘው ነው የቀረቡት። ፋንደር በቅጂዎቹ መካከል ልዩነት መኖሩን በሕዝብ ፊት አምኗል። ስለዚህ የገልባጭ ስህተትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። «አንድም ነጥብ አልተነካም» ለሚል ሰው መልሱ እርሱ ነው።

---

ግዕዝ_ተማሪ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40)

ጤና ይስጥልን ወንድሞቼ። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ግዕዙንም ቅዳሴውንም እየተማርኩ ነው።

የኒቅያን ጉዳይ በእውነት ስለ ተናገርክ አመሰግንሃለሁ። ከኛ ወገንም በማያውቀው የሚመልስ ብዙ ነው። አንድ ነገር ደስ ብሎኝ ልጨምርልህ፦ ያ የ27ቱን ዝርዝር የጻፈው አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ራሱ ነው። ለእኛ ዝርዝሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ግን እኛ የምንቆጥረው 81 ነው። ካቶሊኩ 73፣ ፕሮቴስታንቱ 66 ይላል። «የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አልቆጣም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ለዘመናት ሙሉው የተገኘው በእኛ በግዕዙ ብቻ ነው። ሌላው ዓለም ትቶት ነበር። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳር ቁምራን በተገኙት ጥቅሎች መካከል ግን የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ወጡ። የሐበሻ መነኮሳት የፈጠሩት አለመሆኑ ታወቀ። የይሁዳ መልእክትም በቁጥር 14 ሄኖክን በስም ይጠራዋል። አንድ መጽሐፍ ከአንዱ ዝርዝር ገብቶ ከሌላው ቢቀር ተፈጠረ ወይም ተበረዘ ማለት አይደለም።

ስለ ገልባጭ ያልከው ልቤን ነክቶታል። በብራና ላይ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ነው የሚጻፈው። ብዙ ጊዜ ጸሐፊው በጥቁሩ እየጻፈ ለቀዩ ቦታ ይተውና ኋላ ተመልሶ ይሞላል። ስሙ ሳይሞላ ባዶ ቦታው የቀረ ገጽ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳየው የተሰማኝ የጸሐፊው ድካም ነው፤ ቀለም አልቆበት ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል። ያን ባዶ ቦታ አይቶ «ስሙን ሰረዙት» የሚል ሰው ቢመጣ እጅግ ያሳዝነኛል። የኔታም ሲተረጉሙልን «አንዱ መጽሐፍ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲህ ይላል» ብለው ሁለቱንም ይፈቱልናል። የቅጂ ልዩነት ለእኛ የተደበቀ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሰነድህ ልምጣ፤ እኛም ሰንሰለት አለን። ኢሬኔዎስ በልጅነቱ የሰምርኔሱን ጳጳስ ፖሊካርፐስን አይቷል፣ ሰምቷል። ፖሊካርፐስ ከዮሐንስ ተምሯል። የጥንቱ ጳጳስ ፓፒያስም፣ ማርቆስ የጴጥሮስ አስተርጓሚ እንደ ነበረና ከእርሱ የሰማውን እንደ ጻፈ ይናገራል። የዮሐንስ ወንጌልም በ21፥24 ይህን የጻፈው የመሰከረው ደቀ መዝሙር ነው ይላል። ይህ «ማን ከማን ሰማ» አይደለም?

---

ጽሕፈት_ቤቱ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 8:10)

ቆጪ_ሰፈር፣ ልክ ነህ። የበቀራህ 79 ሰዎች እያወቁ የጻፉ ናቸው፤ ያንን አላለሳልስም። እኔ የምለው ያንን ኣያ (አንቀጽ) አንስተን በ42ቱ ቁጥር ላይ አንለጥፈው ነው። የዘዳግም 34 ጥያቄህ ግን የወረቀቱን አራት ገጽ ያስንቃል። ልጁ እርሱን ቢጽፍ ኖሮ ያኔውኑ አነሣለት ነበር።

ግዕዝ_ተማሪ፣ ባዶውን የቀይ ቦታ ሳነብ ውሌ ትዝ አለኝ። ለሰንሰለቱ ግን ታገሠኝና የሐዲስ ተማሪ የሚጠይቀውን ልጠይቅህ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ኢሬኔዎስ ፖሊካርፐስን ማየቱን አምናለሁ። ያ ግን የሰዎቹ መተያየት ነው። ኢሬኔዎስ «ይህን የዮሐንስ ወንጌል ቃል በቃል ፖሊካርፐስ አነበበልኝ፣ ለእርሱም ዮሐንስ አነበበለት» አላለም። በሐዲስ ዒልም ሁለት ሰዎች መገናኘታቸው ብቻ አይበቃም፤ ይህች ቃል በየትኛው እጅ አለፈች ነው የሚባለው። የፓፒያስ መጽሐፍ ጠፍቷል፤ የማርቆሱን ነገር ያገኘነው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ስለጠቀሰው ነው። ዮሐንስ 21፥24ን ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብበው፦ «ምስክሩም እውነት እንደ ሆነ እናውቃለን» ይላል። ይህ «እናውቃለን» የሚለው ማን ነው? ደቀ መዝሙሩ ስለ ራሱ እንዲህ አይናገርም። ሌላ እጅ ገብቷል፣ ስሙንም አልነገረንም። ሰነድ የሚፈልግ ሙስሊም የሚቆመው እዚያ «እናውቃለን» ላይ ነው።

ይህን የምለው ልረታህ አይደለም። እውነት ይህ ነው የሚያቆመኝ።

---

ወንጌል_አንባቢ (ረቡዕ፣ ማታ 2:30)

ሰላም ለሁላችሁ። የወንጌል አማኝ ነኝ። በቅንነት የምጠይቀው አለኝ፤ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም።

ሱራ 5፥47 የኢንጂል ሰዎች አላህ በውስጡ ባወረደው ይፍረዱ ይላል። ሱራ 10፥94 ወደ አንተ ካወረድነው በመጠራጠር ውስጥ ከሆንክ ከአንተ በፊት መጽሐፉን የሚያነቡትን ጠይቅ ይላል። ይህ የተነገረው በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ በክርስቲያኖች እጅ የነበረው ወንጌል ምን ይመስል እንደ ነበር ደግሞ እናውቃለን። ኮዴክስ ሲናይቲከስና ኮዴክስ ቫቲካነስ የአራተኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ብራናዎች ናቸው፤ ዛሬም ይነበባሉ። የማርቆስ 16፥9-20 እና የዮሐንስ ምዕራፍ 8 የአመንዝራዋ ሴት ታሪክ በሁለቱም የሉም፤ ይህን የሚያስተምሩን የእኛው ሊቃውንት ናቸው፣ ብዙ ዕትሞችም በግርጌ ጽፈውታል። በቀረው ግን ያው አራቱ ወንጌሎች ናቸው፤ ስቅለቱም ትንሣኤውም አለበት። ታዲያ ቁርኣን «ፍረዱበት» ያለው የትኛውን ነው?

ሁለተኛ፣ በእኛ ቅጂዎች ላይ ልዩነት የሚታየው ማንም ሰብስቦ ስላላቃጠላቸው ነው። ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ግን የቀሩት የቁርኣን ቅጂዎች እንዲቃጠሉ አዝዘዋል፤ ይህን ቡኻሪ ነው የጻፈው። የጽሕፈት ቤቱ ወንድሜ የእጅ ጽሑፉ ባይገኝ ኖሮ ስህተቱ አይታወቅም ነበር ብሏል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ከተቃጠለ በምን ይታወቃል?

---

አዌቱ_ማዶ (ረቡዕ፣ ማታ 2:51)

ከባድ ጥያቄ ነው። ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነው። እባካችሁ በዚሁ ጨዋነት ቀጥሉ።

---

ኡሙ_ሐፍሷ (ረቡዕ፣ ማታ 4:45)

ቢስሚላህ። ለወንጌል_አንባቢ ወንድማችን ልመልስ ልሞክር፤ የዑስማንን ጉዳይ ነው የማስቀድመው።

ቁርኣን መጀመሪያ ወረቀት ላይ አልነበረም፣ ልብ ላይ ነበር። ዘይድ ኢብኑ ሳቢት በመጀመሪያው ኸሊፋ በአቡ በክር ዘመን እንዲሰበስበው የታዘዘው በየማማ ጦርነት ቁርኣንን የሐፈዙ፣ በቃላቸው የያዙ፣ ብዙ ሰዎች ስለተገደሉ ነው። የተፈራው ወረቀት ይጠፋል ተብሎ አልነበረም፤ ሰው ይጠፋል ተብሎ ነው። ዑስማን ኋላ ያስቀዱት የነቢዩ ባለቤት ሐፍሷ ዘንድ ከተቀመጠው ከዚያው ነው። ቃጠሎው ሲሆን የሐፈዙት ሶሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) በሕይወት ነበሩ። የልብ ጽሑፍ አልተቃጠለም።

ምን ማለቴ እንደ ሆነ አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን የሌሊት ሶላት፣ በተራዊሕ ላይ፣ እዚሁ ጅማ፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን። ኢማሙ ሁለት ኣያዎች ላይ ደረሱ፤ አጀማመራቸው አንድ ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሳያውቁት ተሻገሩ፣ መሐሉ ቀረ። ወዲያው ከወንዶቹ በኩል አንድ የሕፃን ድምፅ የተዘለለውን ቃል ጮክ ብሎ አነበበ። ኢማሙ ተመልሰው ከዚያው ቀጠሉ። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። የጽሕፈት ቤቱ ወንድማችን ውሉ ላይ የደረሰበት ያው ነው እኮ፤ «ተከራይ» እና «ተከራይ»። ልዩነቱ እዚህ ውሉን ሙሉ ረድፍ ሰው በቃሉ ይዞት ቆሟል። አራተኛ ወር አልጠበቀም፣ እዚያው ታረመ።

ከዑስማን በፊት የአነባበብ ልዩነት እንደ ነበረ አንደብቅም። ቡኻሪ የጻፈው ያንኑ ነው፣ ዑስማንም ያስቀዱት በዚያ ምክንያት ነው። በ1972 ሰንዓ ታላቁ መስጊድ ከተገኙት ብራናዎች አንዱ ላይ፣ ታጥቦ እንደገና በተጻፈበት ሥር፣ የቃላት ልዩነት ያለው ንባብ አለ። ኪታቦቻችን ሲነግሩን የኖሩትን ነገር በብራና አየነው፤ አልደነገጥኩበትም። ዛሬም እኛ ሐፍስ ከዓሲም ባስተላለፈው ንባብ ስናነብ ሞሮኮ ያሉት በወርሽ ንባብ ያነባሉ፤ ሁለቱም በሰነድ የመጡ ናቸው።

5፥47ን ጠቅሰህ ቀጣዩን 48 ለምን ተውከው? «ሙሀይሚን» ይላል፤ ከበፊቱ ያለውን የሚያረጋግጥም የሚጠብቅም፣ በላዩ የሚፈርድም። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ በእጃችሁ ካለው ውስጥ አላህ ያወረደው አለ፤ በእርሱ ፍረዱ፤ የትኛው እንደ ሆነ መለኪያው ግን ቁርኣን ነው። ለክርስቲያን ይህ መልስ እንደማይበቃው አውቃለሁ፤ መለኪያውን ራሱን አልተቀበለምና። ያለኝ መልስ ግን እርሱ ነው።

---

ወንጌል_አንባቢ (ሐሙስ፣ ጠዋት 12:55)

እህቴ፣ ሳታድበሰብሺ ስለመለስሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሕፃኑን ድምፅ ነገር ለባለቤቴም አነበብኩላት።

መለኪያው ላይ እንለያያለን፤ አዎ። ለእኔ ቀድሞ የተጻፈው ነው ኋላ የመጣውን የሚመዝነው። ስድስት መቶ ዓመት ቆይቶ የመጣ መጽሐፍ ስቅለቱን ሲክድ፣ ከዘመኑ አጠገብ የጻፉትን ትቼ እንዴት እርሱን ልቀበል? ይህ ጥያቄ ለእኔ አልተዘጋም። የዑስማኑን ግን እንደ ድሮው አልደግመውም፤ ያላየሁት ጎን አለው።

---

አዌቱ_ማዶ (ሐሙስ፣ ከሰዓት 7:20)

የኔ ነገር ከናንተ ያንሳል፣ ግን ልናገር። አባቴ ሙስሊም ነው፣ የእናቴ ወገን ኦርቶዶክስ ነው። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። አያቴ ማታ ማታ መዝሙረ ዳዊቷን ትደግማለች፤ ጥራዙ ከመበላቱ የተነሣ በክር አስራዋለች። የእህቴ ልጅ መድረሳ ጀምሯል፤ ሰባት ዓመቱ ነው። ባለፈው እሑድ እርሷ እየደገመች አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሰማትና ወደኔ መጥቶ «አያታችን የምታነበው ውሸት ነው?» አለኝ። በዘቡር፣ ለዳዊት በወረደው መጽሐፍ፣ እናምናለን። በእጇ ያለው ያ ነው ወይስ አይደለም? ለሕፃን ምን ይባላል? እስካሁን አልመለስኩለትም።

---

ቆጪ_ሰፈር (ሐሙስ፣ ማታ 1:05)

አዌቱ_ማዶ፣ ለዚህ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ራሳቸው መልሰዋል። አቡ ሁረይራ ባወሩት ሐዲስ አይሁዶች ተውራትን በዕብራይስጥ እያነበቡ ለሙስሊሞች በዐረብኛ ያብራሩ ነበር። ነቢዩም «የመጽሐፉን ሰዎች እውነት ነው አትበሏቸው፣ ውሸት ነውም አትበሏቸው፤ በአላህና ወደኛ በተወረደው፣ ወደናንተም በተወረደው አምነናል በሉ» አሉ። ቡኻሪ ነው። ለልጁ ልክ ይህንኑ በለው። «ውሸት ነው» የሚለውን ቃል ከአፉ እንዲያወጣ አታስተምረው። ከውስጡ እውነት ቢሆን የአላህን ቃል አስተባበለ ማለት ነውና።

ጠንካራ ነህ ትሉኛላችሁ፤ በዲኔ ጠንካራ ነኝ። ግን የነቢዩ የአጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ ነጃሺ ፊት ቆመው ያነበቡት ሱረቱ መርየምን ነው። አክሱም ላይ፣ ጳጳሳት በተሰበሰቡበት፣ የዒሳን እናት ታሪክ መረጡ። ነጃሺ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ ይላል ሲራው (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ)። ልዩነቱን አልደበቁም፤ ስለ ዒሳ ሲጠየቁም በማግስቱ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ነው ብለው ተናገሩ። የጀመሩት ግን በመርየም ነው።

---

ግዕዝ_ተማሪ (ሐሙስ፣ ማታ 3:30)

ቆጪ_ሰፈር፣ ቃልህ ማር ነው። የቁርኣንን ጥራዝ «ሙስሐፍ» የምትሉበት ቃል ከሐበሻ «መጽሐፍ» እንደ መጣ የእናንተው ሊቅ ሱዩጢ ይጠቅሳሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ እንግዲህ ስሙም ከዚሁ ሄዷል።

ጽሕፈት_ቤቱ፣ የ«እናውቃለን» ጥያቄህን ለየኔታ ወሰድኩት። ዝም ብለው ቆዩና «የኤፌሶን ምእመናን ናቸው የሚል አለ፤ ደቀ መዝሙሩን በዓይናቸው ያዩ፣ ምስክርነቱን ያጸኑለት» አሉኝ። «ስማቸውስ?» አልኳቸው። «ስማቸውን አልጻፉም» አሉ። እኔ ይህ ይበቃኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትመሰክር ስም መቁጠር አልለመድኩም። አንተን እንደማይበቃህም ገብቶኛል። ከዚህ በፊት ጥያቄያችሁ ከጥላቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የሰነድ ልማድ እንደ ሆነ አሁን ነው የተረዳሁት።

---

ጽሕፈት_ቤቱ (ዓርብ፣ ከሰዓት 10:15)

ከጁሙዓ መልስ ልጁ መጣ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሆኗል። ኒቅያም በርናባስም የሉም። የመጀመሪያው ገጽ ሉቃስ 1፥1-4ን ሙሉውን ጽፎ ስለ ሰነድ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ዘዳግም 34ን። ቆጪ_ሰፈር፣ ያንተን ከዚህ አንብቦ ነው የወሰደው፣ ፈቃድህ እንደ ሆነ ብዬ ነው። ከላይ «መጽሐፍ ቅዱስ ተበርዟል» የሚለውን ርእስ አጥፍቶ «ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁለት ጥያቄዎች» ብሎታል። እኔ አላልኩትም፣ ራሱ ነው።

ስተይብለት ሉቃስ 1፥2 ላይ አንድ ቃል ዘለልኩ፤ ልጁ ነው ያየልኝ። አርሜዋለሁ።

40 ኮፒ አንሥቻለሁ። ግዕዝ_ተማሪ፣ ላንተና ለየኔታ ሁለት ለይቼ አስቀምጫለሁ። ቅዳሜ እስከ 11 ሰዓት ሱቁ ክፍት ነው።

---

ግዕዝ_ተማሪ (ዓርብ፣ ማታ 2:00)

ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። መልሱን በእጅ ጽፌ አመጣልሃለሁ፤ መተየቡ ያንተ ነው። ሁለት መስመር በአንድ ቃል እንዳያልቅብህ እጠነቀቃለሁ።